ስማችን በሐሰት ሲነሣ፦ ለሐሜትና ለነቀፋ በክርስቲያናዊ እምነት መልስ መስጠት

ስሙ የጠፋበት ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ምክሮችን በአንድ ቀን ይሰማል። አንዱ ወዳጁ «ዝም በል፤ ጌታም በከሳሾቹ ፊት ዝም ብሏል» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ዝም ካልህ አምነሃል ማለት ነው፤ ውጣና ተናገር» ይለዋል። ሁለቱም ከመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃ አያጡም። ጌታችን ተአምር ለማየት ይመኝ በነበረው በሄሮድስ ፊት አንድ ቃል እንኳ አልመለሰም፤ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ የመታውን ሎሌ ግን «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ማስረጃ ጠይቆታል። «ሲሰድቡን እንመርቃለን» ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ሐዋርያው ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ በስውር ሊሰዱት ሲሞክሩ እንቢ ብሎ፣ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አድርጓል።

እንግዲህ ዝምታም ንግግርም የክርስቲያን መልስ ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው መቼ እንደሚገባ የሚታወቀው፣ በወሬው የሚጎዳው ማን እንደ ሆነና የምንናገረው ወይም የምንታገሠው ስለ ማን ብለን እንደ ሆነ ሲመረመር ነው። የሚጎዳው የራሳችን ክብር ብቻ ከሆነ ልንተወው ነጻነት አለን፤ የሚጎዳው የሌሎች አደራ ከሆነ ግን ዝምታችን ትሕትና መሆኑ ይቀርና የሰውን ንብረት፣ የሰውን እምነት ወይም የሰውን ደኅንነት አሳልፎ መስጠት ይሆናል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ወሬው በደረሰበት ዕለት

ወሬው የደረሰባችሁ ዕለት ለማንም መልስ አትስጡ፤ በተለይ በሌሊት የድምፅ መልእክት አትላኩ። በቁጣ የተቀዳ መልእክት ላኪው ቢያጠፋው እንኳ ተቀባዩ አስቀድሞ ወደ ሌላ ግሩፕ አሳልፎት ሊሆን ይችላል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ያን ጊዜ ነገሩ ከእጃችሁ ወጥቷል። ንጹሕ የነበረ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት በተናገረው ስድብ ምክንያት ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ሐሰት ሳይሆን እርሱ ስለ ሰጠው መልስ ይሆናል።

ቁጣው ግን የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ አፍኖ መያዝም መፍትሔ አይደለም። ቅዱስ ዳዊት የሐሰት ምስክሮች ሲነሡበት፣ መልካም ያደረገላቸው ሰዎች ክፉ ሲመልሱለት፣ ምሬቱን ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አፍስሷል። መዝሙር 35 እና መዝሙር 109 (በግእዙ ዳዊት 34 እና 108) እኛ ለመናገር የማንደፍረውን ያህል የመረሩ ቃላት አሉባቸው። ዳዊት መድገም የለመዳችሁ እነዚህን መዝሙራት በዚያ ሌሊት ቀስ ብላችሁ ድገሙአቸው፤ ያልለመዳችሁም የበደላችሁን ሰው ስም ጠርታችሁ የሚሰማችሁን ሳትሸፍኑ ለእግዚአብሔር ንገሩት። መዝሙረኛው እነዚያን ቃላት የተናገረው ፍርዱን ለእግዚአብሔር ለማስረከብ ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት የተራገፈ ቁጣም በማግሥቱ በሰው ፊት የመፍሰስ ኃይሉ ይቀንሳል።

ከጸሎቱ በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ። ያ ሰው የንስሐ አባታችሁ ወይም መጋቢያችሁ፣ አለዚያም በእምነቱ የበሰለና ምሥጢር የሚጠብቅ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ለዐሥር ሰው እያለቀሱ መናገር ለጊዜው ያሳርፋል፤ ሆኖም ስለ ከሳሻችሁ ለዐሥር ሰው ነገራችሁ ማለት በእናንተ ላይ የተደረገውን እናንተም በእርሱ ላይ አደረጋችሁ ማለት ነው። የምትነግሩት ሰው «እውነት አላቸው» ሊላችሁ የሚደፍር ሊሆን ይገባዋል።

ምን እንደ ተባለ በትክክል ማወቅ

ብዙ ጊዜ ወሬው ወደ እኛ የሚመጣው በሦስተኛ ሰው አፍ ነው። «እንዲህ እኮ ይሉሃል» ይላል አቀባዩ፤ እኛም ከመቀመጫችን ተነሥተን «ማን ነው ያለው?» ብለን እንጮኻለን። ከዚህ ይልቅ ረጋ ብለን በቅደም ተከተል እንጠይቀው። አንተ ራስህ ሰምተሃል ወይስ ሰው ነግሮህ ነው? የተነገረው ቃል እንዴት ነበር? አንተስ በዚያ ሰዓት ምን ብለህ መለስህ? ሰውየውን ሳነጋግረው ስምህን ብጠቅስ ትፈቅዳለህ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ይገልጣል። «ኧረ እኔን እንዳትጠቅሰኝ» የሚል ከሆነ፣ ያ ወሬ እንዳልተሰማ ተቆጥሮ ቢቀር ይሻላል፤ ሊመሰክርበት የማይፈልገውን ነገር አምጥቶ በልባችን ውስጥ ማስቀመጥ የወዳጅ ሥራ አይደለምና። መጽሐፈ ምሳሌ እንጨት ባለቀ ጊዜ እሳት እንደሚጠፋ፣ ጆሮ ጠቢም በሌለበት ጠብ ጸጥ እንደሚል ይናገራል።

በጽሑፍ የወጣ ከሆነ ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ስክሪንሾቱን አስቀምጡ፤ ቀኑን መዝግቡ። ቪዲዮ ከሆነም ተቆርጦ ከተሰራጨው ይልቅ ሙሉውን ፈልጋችሁ እዩት። ከዚያም ወረቀት ወስዳችሁ የተባለውን ቃል በቃል ጻፉ፤ ከእርሱ ውስጥ እውነት የሆነውን፣ ግማሽ እውነት የሆነውንና ፈጽሞ ሐሰት የሆነውን ለዩ።

ይህን የመለየት ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የሳሚ ታሪክ ነው። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከሳኦል ቤት ወገን የሆነው ሳሚ በብራቂም አጠገብ ወጥቶ ድንጋይ እየወረወረ «የደም ሰው» እያለ ይረግመው ነበር፤ የሳኦልን ቤት ደም እግዚአብሔር መለሰብህ አለው። ይህ ክስ እንደ ተነገረው ሐሰት ነበር፤ ዳዊት ሳኦልን ሊገድለው ሲችል ሁለት ጊዜ ምሮታል። ነገር ግን ዳዊት «የደም ሰው» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ ሳሚ ያላነሣውን፣ እርሱ ራሱ ያስገደለውን የኦርዮን ደም ሳያስብ ይቀራል ብሎ ማመን ይከብዳል። ራሱን ለመከላከል አልቸኮለም፤ «ተዉት ይርገም» አለ፤ ምናልባት እግዚአብሔር መከራዬን አይቶ ስለ ርግማኑ መልካም ይመልስልኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። የሚከሰንበት ነገር ሐሰት ሆኖ ሳለ፣ ከሳሹ የማያውቀው እውነተኛ በደል በልባችን ሊኖር እንደሚችል ማወቅ የመልሳችንን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል።

ነቀፋው እውነት ከሆነ

እውነተኛ ነቀፋን ሐሜት ብሎ መጥራት ከሐሜት የማይተናነስ በደል ነው። በተለይ እኛ አገልጋዮች የተሳሳተ ትምህርታችንን ወይም የተዝረከረከ አሠራራችንን የነቀፈብንን ሁሉ «የዲያብሎስ ውጊያ ነው» ማለት ይቀናናል። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን በመልእክቱ «ኃጢአት አድርጋችሁ ስትጎሰሙ ብትታገሡ፣ ምን ክብር አለበት?» ብሎ ይጠይቃል። ጌታ ብፁዓን ያላቸው ክፉውን ሁሉ *በውሸት* የሚባልባቸውን፣ ያውም ስለ እርሱ ስም የሚባልባቸውን ነው፤ ስለዚህ ያን ብፅዕና ለራሳችን ከመውሰዳችን በፊት የተባለው ውሸት መሆኑንና ስለ ስሙ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባናል።

እውነት ሆኖ ከተገኘ መልሱ አጭር ነው፦ «አዎ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በዚህ መንገድ አስተካክለዋለሁ።» ከዚህ በኋላ «ነገር ግን» የሚል ቃል እንዳይጨመር ተጠንቀቁ፤ ይቅርታው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና። ነቃፊው ክፉ ልብ ኖሮት ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ አነጋገሩም ያቆስል ይሆናል፤ ይህ ግን የእርሱ ንስሐ ጉዳይ ነው፤ የእኛን ጥፋት አያነጻውም። ጥፋቱ በአደባባይ የተደረገ ከሆነ ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን፤ በአንድ ሰው ላይ በስውር የተደረገ ከሆነ ደግሞ ይቅርታውን ለሕዝብ ማሳየት አያስፈልግም።

በሐዋርያት ሥራ ላይ አጵሎስ አንደበተ ርቱዕና በመጻሕፍት እውቀት የበረታ ሰው ሆኖ ሳለ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። አቂላና ጵርስቅላ በምኩራብ መካከል ተነሥተው አላሳፈሩትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት፤ እርሱም ድንኳን ከሚሰፉ ባልና ሚስት መማር አላሳፈረውም። ከዚህ የከበደው ደግሞ በአንጾኪያ የሆነው ነው፤ ጳውሎስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል። ጴጥሮስ በመጨረሻው መልእክቱ ይህንኑ ሰው «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ብሎ ይጠራዋል። በአደባባይ የወቀሰንን ሰው ከዓመታት በኋላ እንዲህ ብለን ለመጥራት የምንችል ስንቶቻችን ነን?

ሐሰት ከሆነ፦ ስምና አደራ

ሐሰት መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በመግቢያው ያነሣነው ነው፤ በዚህ ሐሰት የሚጎዳው ማን ነው?

ስንክሳር ስለ ታላቁ አባ መቃርስ የሚተርከው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። መቃርስ በአንድ መንደር አጠገብ በብሕትውና ይኖር በነበረበት ዘመን፣ ከሌላ ሰው የፀነሰች የመንደሩ ልጅ «ያ መነኩሴ ነው» አለች። ሰዎቹ እያዳፉ በመንደሩ አዞሩት፤ ደበደቡትም፤ ልጅቱን እንዲቀልብም ዋስ አስጠሩት። እርሱ የሠራውን ሰሌን እየላከ እንዲሸጥና ዋጋው እንዲሰጣት አደረገ፤ ራሱንም «መቃርስ ሆይ፣ እነሆ ሚስት አገኘህ፤ እንግዲህ ቀለቧን ልታገኝ አብዝተህ ሥራ» ይለው ነበር። ልጅቱ በምጥ ተጨንቃ እውነቱን እስክትናገር ድረስ አንድ ቃል አልተከላከለም። የመንደሩ ሰዎች ይቅርታ ሊጠይቁት እንደሚመጡ ሲሰማ ደግሞ ክብሩን ሸሽቶ ወደ አስቄጥስ በረሓ ሄደ። ይህ ዝምታ ቅዱስ የሆነው የጎዳው ራሱን ብቻ ስለ ነበረ ነው፤ ቤተሰብ አልነበረውም፤ የያዘው የሕዝብ ገንዘብ አልነበረም፤ ልጅቱም ከእርሱ ቀለብ አገኘች እንጂ ምንም አላጣችም። እንዲህ ያለ ዝምታ አንድ ሰው ለራሱ የሚመርጠው እንጂ ሌላው የሚያዘው አይደለም። የተደፈረችን ሴት ወይም የተበደለን ሠራተኛ «እንደ መቃርስ ዝም በይ፣ ዝም በል» ማለት የቅዱሱን ትዕግሥት ለበዳይ መሸሸጊያ ማድረግ ነው።

አደራ የያዘ ሰው ነገር ሌላ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ፣ አርሳንዮስ የተባለውን ኤጲስ ቆጶስ ገድሎ እጁን ለአስማት ቆርጧል ተብሎ ተከሰሰ፤ ከሳሾቹም የደረቀ የሰው እጅ በሣጥን ይዘው ያሳዩ ነበር። የተከሰሰው አንድ ሰው ቢሆንም፣ የተነካው እርሱ የቆመለት የኒቅያ እምነት ነበር። ስለዚህ ዝም አላለም፤ ነገር ግን ከሳሾቹን በመሳደብ ጊዜ አላጠፋም፤ አርሳንዮስን አስፈለገው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት እ.ኤ.አ. በ335 በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ ሞተ የተባለውን ሰው ተሸፋፍኖ አስገባው፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ አንድ እጁን፣ ቀጥሎም ሌላውን እጁን ገልጦ አሳየና ሦስተኛው እጅ ከየት እንደ ተቆረጠ እንዲነግሩት ጠየቃቸው። መልስ ማለት ይህ ነው፤ ስድብ የሌለበት፣ ማንም ሊያየው የሚችል ማስረጃ።

ሆኖም ታሪኩን እዚያ ላይ መቁረጥ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ጉባኤው አትናቴዎስን ከመሻሩ አልተመለሰም፤ ወዲያውም ከእስክንድርያ የሚላከውን እህል ሊያግድ ዝቷል የሚል አዲስ ክስ መጣበትና ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ወደ ትሪየር አጋዘው። በ45 ዓመት ገደማ ሊቀ ጵጵስናው አምስት ጊዜ ተሰዶ 17 ዓመት ያህል በስደት ኖረ። ሐሜቱ እስከ አክሱም ደርሷል፤ የቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለኢዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ አትናቴዎስን በብዙ ክፋት ከስሶ፣ እርሱ የሾመው ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠይቆ ነበር። ፍሬምናጦስ ግን በሀገራችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ እስከ ዛሬ ይከበራል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ብሂላችን እውነት ነው፤ እያደር የሚለው ግን አንዳንድ ጊዜ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ሊሆን ይችላል።

መልስ እንዴት ይጻፋል?

በየአጥቢያው የሚያጋጥመውን ነገር ለምሳሌ እንውሰድ። የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ የሆነች እኅት ለነዳያን ምሳ ከተሰበሰበው ገንዘብ አጉድላለች የሚል ወሬ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተለቀቀ እንበል። ይህ ስም ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ለድሆች ብለው የሰጡት ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ዝም ማለት የለባትም። እንዲህ ብላ ብትጽፍ ይበቃል፦

«ለነዳያን ምሳ የተሰበሰበው ገንዘብ ጎድሏል የሚል ነገር እየተነገረ መሆኑን ሰምቻለሁ። የገባው ገንዘብ በደረሰኝ፣ የወጣውም በግዢ ሰነድ ተመዝግቧል፤ መዝገቡና የባንክ መግለጫው በጽሕፈት ቤት ይገኛል። ከእኔ ውጭ ሁለት ሰዎች ተመድበው ሒሳቡን እንዲመረምሩ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ገንዘብ አልይዝም፤ ውጤቱ ግን ወሬው በተነገረበት በዚሁ ቦታ እንዲገለጽ እጠይቃለሁ።»

በዚህ መልእክት ውስጥ የከሳሹ ስም የለም፤ «በምቀኝነት ነው» የሚል ግምት የለም፤ ስንት ዓመት እንዳገለገለች አልተዘረዘረም፤ «እግዚአብሔር ይፍረድባችሁ» የሚልም የለም። ይህ የመጨረሻው በመካከላችን በጣም ስለ ተለመደ ጠንከር ብዬ ልናገርበት እወዳለሁ። «ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» ብሎ በአደባባይ መለጠፍ፣ ከሥሩም ስለ ሐሰተኞች ምላስ የሚናገር ጥቅስ ማስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ በሃይማኖት ቃል የተሸፈነ ርግማን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ጌታ ሲናገር «ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም፣ መከራንም ሲቀበል አልዛተም፣ ነገር ግን በጽድቅ ለሚፈርደው ራሱን አሳልፎ ሰጠ» ይላል፤ እርሱ የሰጠው ራሱን ነው፤ እኛ ግን ጠላታችንን አሳልፈን ለመስጠት እንሞክራለን። ሰባኪ የሆነ ሰው ደግሞ ዐውደ ምሕረቱን የግል ጠቡ መመለሻ ከማድረግ ፈጽሞ ይከልከል፤ የወንጌል ቃል ሊሰሙ የመጡ ሰዎች ያላዩትን ጠብ ይዘው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ አይገባም።

መልሱ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ለእያንዳንዱ አስተያየት መመላለስ አያስፈልግም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ሰንበላጥ አራት ጊዜ ወደ ስብሰባ ጠራው፤ በአምስተኛው ጊዜ በሎሌው እጅ ያልታሸገ ደብዳቤ ላከበት፤ ደብዳቤው ክፍት ስለ ነበረ በመንገዱ ያለ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። በውስጡም ነህምያ ሊነግሥና ሊያምፅ ያስባል የሚል ወሬ በአሕዛብ ዘንድ ተሰምቷል ይላል። የነህምያ መልስ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ከልብህ ፈጥረኸዋል አለው። ከዚያም እጆቹን እንዲያጸና ወደ እግዚአብሔር ጸልዮ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። የከሰሱንን ሰዎች ሳናሳምን ሥራችንን መቀጠል የምንችል መሆናችንን ከዚህ እንማራለን።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ወሬው ሳይነሣ በፊት መጠንቀቅ ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ለብቻው አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡአቸውን ሰዎች ከቲቶ ጋር ላከ፤ ምክንያቱንም ሲናገር በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን አለ። «እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል» የሚለው ቃል ለደረሰኝ ምትክ አይሆንም።

ሰውየውን ማነጋገር

ተናጋሪው የሚታወቅና የእምነት ወንድም ወይም እኅት ከሆነ፣ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የሰጠው ሥርዓት ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ፊት። እኛ ዘንድ ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ሕዝብ ይሰማል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ሁለቱ ሰዎች ግን ብቻቸውን ሳይገናኙ ዓመት ያልፋል። ስትሄዱ በስልክ ሳይሆን በአካል ይሁን፤ በውጭ ሀገር የምትኖሩና የማይቻላችሁ ከሆነ በጽሑፍ ከመመላለስ ድምፅ ለድምፅ መነጋገር ይሻላል። የመጀመሪያው ቃላችሁ ጥያቄ ይሁን፦ «ወንድሜ፣ ስለ እኔ እንዲህ ብለሃል ተብሎ ተነግሮኛል። ካንተ ሳልሰማ ማመን ስላልፈለግሁ መጥቻለሁ። ምን ነበር ያልከው?» ከዚያም እስኪጨርስ ዝም ብላችሁ ስሙት። አልተናገርሁም ሊል ይችላል፤ እውነትም ሳይናገር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከእናንተ የደረሰበት ያልታወቃችሁ በደል ወጥቶ ልታገኙትም ትችላላችሁ።

ሰውየው ካልሰማችሁ ሽማግሌ ይዛችሁ ተመለሱ። ሽማግሌዎች ሆናችሁ የምትቀመጡም ነገሩን ሳትመረምሩ «እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ» ብላችሁ አትዝጉት። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን ውስጥ ባለው በሶስና ታሪክ ሁለት የተከበሩ ሽማግሎች በሐሰት መስክረውባት ጉባኤው ሞት ከፈረደባት በኋላ፣ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ የተለያየ ዛፍ ጠሩ፤ ሐሰቱም ተገለጠ። እግዚአብሔር ጸሎቷን የመለሰው በጥንቃቄ በሚመረምር ዳኛ በኩል ነው።

የሚያስፈራ ሰው ወይም ጉልበት የሚጠቀም ሰው ከሆነ ብቻችሁን አትሂዱ። ነገሩም ከሥራ የሚያስወጣ፣ ትዳር የሚያፈርስ ወይም ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ሆኖ በሽምግልና ካልቆመ፣ ወደ ሕግ መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ይመለከታሉ። ጳውሎስ አማኞች እርስ በርሳቸው በዓለማውያን ፊት መካሰሳቸውን ነቅፏል፤ እርሱ ራሱ ግን የሐሰት ከሳሾቹ ሊገድሉት ባሰቡ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ሕግን ጉዳቱን ለማስቆም እንጂ ሰውየውን ለማዋረድ እንዳንጠቀምበት ልባችንን መመርመር የእኛ ፋንታ ነው።

ስለ እኛ የሚቈጡ ወዳጆች

ሳሚ ዳዊትን ሲረግም ከዳዊት የጦር አለቆች አንዱ የሆነው አቢሳ «ይህ የሞተ ውሻ ጌታዬን ንጉሡን ስለ ምን ይረግማል? ልሂድና ራሱን ልቍረጠው» አለ። ስሙ የጠፋ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አቢሳ አያጣም። ስለ እኛ ብሎ የሚሳደብ፣ የከሳሹን የቆየ ኃጢአት የሚቆፍር፣ ዘሩን ወይም ቤተሰቡን የሚያነሣ ወዳጅ ሲነሣ በልባችን ደስ ይለናል፤ እኛ ልንለው ያፈርነውን ስላለልን ነው። ዳዊት ግን አቢሳን ከለከለው። እናንተም በግልጽና በስም ከልክሉ፦ «ስለ እኔ ብለህ የጻፍኸውን አጥፋልኝ» በሉት። በዝምታ የተቀበላችሁት ስድብ የእናንተ ስድብ ሆኖ ይቆጠራል።

ነገሩ ሳይጠራ ሲቀር

ዮሴፍ በጲጥፋራ ሚስት ሐሰት ወደ ግዞት ቤት ወረደ። በኋላ ከወህኒ ወጥቶ በግብፅ ሁሉ ላይ ተሾመ፤ መጽሐፍ ግን ያች ሴት ውሸቷን አመነች ወይም ጲጥፋራ ይቅርታ ጠየቀው ብሎ የተናገረበት ቦታ የለም። ዮሴፍ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ሕይወቱን አላቆመም፤ ወህኒ ቤት ውስጥ ሆኖ ፊታቸው የጠቆረ ሁለት እስረኞችን አይቶ «እናንተ ዛሬ ስለ ምን አዝናችኋል?» ብሎ ጠየቀ። በሐሰት የተከሰሰ ሰው የሌላውን ፊት ለማየት የሚችል ከሆነ፣ ሐሰቱ ልቡን ገና አልያዘውም። ስለዚህ በዚህ ወቅት ከቅዳሴም ከጉባኤም አትቅሩ፤ የታመመ መጠየቃችሁን፣ ለቅሶ መድረሳችሁን፣ የጀመራችሁትን አገልግሎት አታቋርጡ። ያ ሰው ባለበት ቦታ ስትገናኙ ሰላምታ ስጡ፤ ሰላምታ መስጠት ግን ምሥጢር ማካፈልን ወይም ገንዘብ ማስያዝን አይጨምርም። ይቅርታ ዕለቱን ሊሰጥ ይችላል፤ መተማመን ግን በሥራ እየታየ የሚመለስ ነው።

አንድ ቀን ተናጋሪው ራሱ መጥቶ «ይቅር በለኝ» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ እንደ መቃርስ መሸሽ ባትችሉም ደግሞ ደጋግሞ እንዲያለቅስ አታድርጉት፤ ማን እንደ ነገረው፣ ለምን እንዳመነ እየጠየቃችሁ አታድክሙት። ይቅር በሉትና አንድ ነገር ብቻ ለምኑት፦ ወሬውን ለነገራቸው ሰዎች፣ በዚያው ግሩፕ ወይም በዚያው ቤት፣ ሐሰት እንደ ነበረ ራሱ እንዲነግራቸው። ፈቃደኛ ከሆነ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አዘጋጁ፤ እርሱን የሚያዋርድ ቃል ካለበትም እናንተው አውጡለት።